የኔታ ከሴቶቹ መካከል

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ሩዝ መልቀም ነበር። ጧት ነው፤ ፀሐይ ደጃፉን ይዛለች። ፊት ለፊት ተቀምጠን ሰፌዱን ጉልበታችን ላይ አጋድመን፣ እሱ ከወዲያ እኔ ከወዲህ እንለቅማለን። ጠጠሩን እኔ፣ ያልተፈለፈለውን እሱ። በመርፌ ሲወስደው የቆየው መድኃኒት የጣቶቹን ጫፍ አደንዝዞት ስለነበር ፍሬዋን በዓይኑ ያያታል እንጂ በእጁ አትሰማውም። ይቆነጥራል፣ ወደ ዓይኑ ያቀርባል፣ ጣቱን ባዶውን ያገኘዋል።

«ይቺ ደግሞ አመለጠችኝ» ይላል።

«ተዋት፣ ከነልብሷ ትብሰል።»

«ከነልብሷማ ጥርስ ትሰብራለች። ያውም ያንቺን።»

እንዲህ እየተባባልን ጨረስን፤ ሩዙን አጠብሁ፤ ምሳ በላን። በማግሥቱ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ደጃፍ ላይ አልተቀመጠም። ሰው «ምን ብሎሽ ሞተ?» ይለኛል። በመጨረሻዎቹ ቀናት የተናገረው ውኃ ስጪኝ፣ አገላብጪኝ ነው። እኔ የሚታወሰኝ ሩዙ ነው።

ባለቤቴ መሪጌታ ነበር። ቤታችን ወረታ ከተማ ዳር፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ ነው። በበዓል ማሕሌት ይቆማል፣ በሌላው ቀን ዜማ ያስተምራል፣ ክረምት ሲገባ ሱሪውን ሰብስቦ ከሩዙ ማሳ ይገባል። ሰው ሁሉ «የኔታ» ነበር የሚለው። እኔም ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ቤት ስንገባ «አንተ» ነው። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ እሱም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበርና ዳዊት ደግሜ ነው ያደግሁት። ያን ጊዜ የተማርሁት ነው ዛሬ ይህችን የሚያጽፈኝ።

መታመሙን ያወቅሁት በመቋሚያው ነው። ማሕሌት ረጅም ነው፤ መዘምራኑ መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ይደገፋሉ። እሱ ዕድሜውን ሁሉ የሚደገፈው በግራ ብብቱ ነበር። አንድ በዓል ላይ፣ ደጅ ሲዘመር፣ ከሴቶች ወገን ቆሜ ሳየው ወደ ቀኝ አዙሮታል። ሲደክመው ወደ ግራ ይመልሰውና ወዲያው ፊቱን ቋጥሮ ያወጣዋል።

ማታ እራት ላይ «ብብትህን ምን ሆነህ ነው?» አልሁት።

«እባጭ ናት። ትፈነዳለች።»

አልፈነዳችም። ጸበል ተጠመቀ፤ ቅጠል ለጠፈባት። እኔ ግን ሸሚዙን ሳጥብ በጡቱ በኩል ዝገት የመሰለ ነገር ደጋግሜ አገኝ ጀመር። ለምኜም ተቆጥቼም ወረታ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። እነሱም ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እዚያ ሥጋውን በመርፌ ቀድተው መረመሩት፤ ውጤቱ ሲደርስ አብረን ገባን። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ሰው አክባሪ። የጡት ካንሰር መሆኑን ቀስ ብሎ ነገረን።

ባለቤቴ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «የሷ?» አለ።

«የእርስዎ ነው አባቴ። አልፎ አልፎ ወንዱንም ይይዛል።»

ስንመለስ ባሕር ዳርን ለቀን ስንወጣ አንገቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ «ሳንባውን ነው በያቸው» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሲመለስ ጎረቤቱ ሊጠይቀው መጣ፤ ደረቱ ታሽጓል፤ ሳንባ ነው ስል ማንም አልተጠራጠረኝም። ለሳንባ ይሆናል የተባለውን የአገሩን መድኃኒት ሁሉ አመጡልን። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ፌጦ፣ ሌላም ሌላም። እሱም ላለመታወቅ ሲል ይጠጣዋል።

ቁስሉ ሲድን ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት ታዘዘለት። የመጀመሪያው ቀጠሮ የሩዝ አጨዳ ላይ ወደቀ፤ አጫጆቹን የማበላው እኔ ነኝና ብቻውን ሄደ። ማምሻውን ተመልሶ «መድኃኒቱ አልመጣም አሉ» አለኝ። ለተከታዩ ቀጠሮም ሄደ፤ አሁንም አልመጣም አሉ አለኝ። አገሩ የታወቀ ነው፤ መንገድ ይዘጋል፣ ዕቃ ይጠፋል። አመንሁት።

ከዚያ በገበያ ቀን አንዲት ሴት ቤታችን መጣች። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናት፤ ባልዋ ሞቶ ከልጆችዋ ጋር ሩዝና ከብት ይዛ የምትኖር፣ ቁመቷ የወንድ፣ ድምፅዋም እንደዚያው። በሩ ላይ ሆና «የየኔታ ቤት ይኸ ነው?» አለች። ነው አልኋት። ገብታ ተቀመጠች።

«የኔታ ምን ሊታከሙ ነው ባሕር ዳር የሚመላለሱ?»

«ሳንባቸውን።»

«ሳንባ ሌላ ሕንፃ ነው እቴ። እርሳቸው የሚመጡ ከእኛ ደጅ ነው። እኛ የጡቶቹ በአንድ በኩል ነን፣ የሆድና የጉሮሮ በሽተኞች ወንዶቹ በሌላው በኩል። ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ይውሉና ሲመሽ ይሄዳሉ።»

እሷ ቀጠለች። «ክንዳቸውን ደግሞ እንዲህ ነው የሚይዙት።» የራስዋን ክንድ ከጎንዋ ፈንጠር አድርጋ አሳየችኝ፤ ብብቷ ሥር ዶሮ የያዘች ትመስላለች። «እንዲህ የሚይዘው ማን እንደሆነ እኔ አጣዋለሁ? አንደኛውን ጡቴን ቆርጠው ጥለውት የለም ወይ።»

በዚህ መካከል ባለቤቴ ገባ። ሲያያት አወቃት፤ ከባሕር ዳር ባንድ መኪና መጥተው ያውቃሉ። ተመልሶ ሊወጣም ነበር።

«የኔታ፣ ሲስተሯ ‹የጡት ታካሚዎች› ብላ ስትጣራ ለምን አይነሡም?» አለችው።

«መድኃኒቱ አለ እንዴ?» አልሁ እኔ።

«አለ እንጂ! ይኸው ፀጉሬ።» ሻሿን ገለጥ አድርጋ መላጣዋን አሳየችኝ።

ባለቤቴ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ከሴቶች መካከል ገብቼ ልቀመጥ?» አለ። «ቤተ ክርስቲያን እንኳ ወንዱም ሴቱም በየወገኑ ነው የሚቆም። እግሬ ራሱ አይሄድልኝም። በወንዶቹ በኩል ገብቼ ተቀመጥሁ። ሲጠሩ ሴቶቹ ብቻ ተነሡ። እንዴት ብዬ ልነሣ?»

«ሆስፒታሉ መች ተባረከ የኔታ? ታቦት የለው፣ መቅደስ የለው።»

ሳቁ አመለጠው። እሷ ግን አልሳቀችም። «እኔ ይህን ነገር ብቻዬን ጀምሬው ነበር፤ ብቻ አይቻልም» አለችው። «ወንፈል እንግባ። ሩዙን በወንፈል እናርም የለም ወይ? ዛሬ ያንዱን፣ ነገ የሌላውን። በእርስዎ ቀን እኔ አብሬ እውላለሁ፣ በእኔ ቀን እርስዎ። ሲስተሯ ስትጣራ እኔ ስነሣ ይነሡ። ሌላ ምንም አይጠበቅብዎት።»

ስትወጣ እስከ መንገዱ ሸኛት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሦስታችን ሄድን። በአዳራሹ ሁለት ረድፍ ወንበር አለ፤ እሱ በልማዱ ወደ ወንዶቹ ሲያዘነብል የቁሐሯ ሴት የጋቢውን ጫፍ ይዛ ወደዚህ መለሰችው። ከሴቶቹ አንዷ «አባታችን ተሳስተው ነው፣ ወንዶቹ በዚያ ናቸው» አለች።

«አልተሳሳቱም። እንደኛው ናቸው።»

እሱ መሬት መሬቱን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። እኔ አሁን ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ልቤ ተንጠልጥሏል፤ ከወጣ እንደማይመለስ አውቃለሁ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉለት። «ይቀመጡ የኔ ልጅ። ሴት ብቻችንን ስንሆን ወሬያችን ሐሜት ብቻ ሆነ።» ተቀመጠ። ሲስተሯ ስትጣራ የቁሐሯ ተነሣች፤ እሱም ተነሣ።

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ከጎኑ የነበረችው ወጣት ሴት ናት። የአንበሳሜ ልጅ ናት፤ አንበሳሜ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ባልዋ በሽታውን ሲሰማ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ ቀረ። የዚያን ቀን መርፌውን ሲሰኩባት እጅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሲስተሯ ደም ሥሯን አላገኘችውም፤ ደገመች፤ አሁንም አላገኘችው። ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ባለቤቴ የራሱ መርፌ ተሰክቶበት ጋደም እንዳለ ውዳሴ ማርያሙን በለሆሳስ ጀመረ። የዕለቱን። ሰው እንዲሰማው አልነበረም፤ ልማዱ ነው፣ ሲጨንቀው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልጅቱ ዝም አለች። እጅዋም ረጋ። ሲጨርስ «የኔታ፣ የነገውንም ይበሉት» አለችው።

«የነገው ለነገ ነው። ዛሬ ብጨርሰው ነገ ምን ልል ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱ አልተለያዩም። እኔ አራተኛ ሆንሁ።

የሚታመሙ ሰዎች ጉዞ ነውና ማለት ይከብዳል እንጂ፣ እነዚያ ቀናት ናፍቀውኛል። ማልደን ከወረታ መናኸሪያ እንሳፈራለን። የቁሐሯ ክረምት ከሆነ ዋዜማውን ቤታችን መጥታ ታድራለች፤ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውኃ ሲተኛበት ጧት ተነሥታ መድረስ አትችልምና። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ጭቃ ለብሳ፣ እርጎ በቅል አንጠልጥላ ከተፍ ትላለች። እግርዋን እስክታጠብ እንኳ ሳትጠብቅ «የኔታ፣ ግድግዳ ወጥተዋል ዛሬ?» ነው ወሬዋ። ጡታቸው ለተቆረጠ ሰዎች ክንዳቸው እንዳይደርቅ ግድግዳ ላይ በጣት ወደ ላይ መውጣት ታዝዞላቸዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ጭቃው ግድግዳ አድርገው፣ ጣታቸውን እንደ ሸረሪት ያስወጡታል። እሱ መሪጌታ፣ እሷ የከብት እመቤት፤ እንደ ሕፃን ይፎካከራሉ።

«ተረከዝዎን አነሡ! አይቆጠርም!»

«ያነሣሁ ወድጄ አይደለም፤ አንቺ ረጅም ስለሆንሽ ነው።»

ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ወንበር ለአንበሳሜዋ እንይዛለን፤ እሷ ከአንበሳሜ መጥታ የምትሳፈረው መንገዳችን ላይ ካለችው ሐሙሲት ነው። ረዳቱ ሁልጊዜ ይጨቃጨቃል። «ይኸ ወንበር ሰው የለውም።»

«አለው» ትላለች የቁሐሯ።

«የታለ ሰውየው?»

«ሐሙሲት።»

«ሐሙሲት ያለ ሰው ወረታ ላይ እንዴት ይቀመጣል?»

«አንተ ንዳው፣ ሲደርስ ይቀመጣል።»

ተሳፋሪው ይስቃል። ኋላ ኋላ ረዳቱ ለመደንና ሌላ ሰው ሊቀመጥ ሲል እሱ ራሱ «የሐሙሲት ነው» ይል ጀመር።

የአንበሳሜዋ ፀጉርዋ ሲያልቅ ሻሿ አልቆም እያለ ይንሸራተት ነበር። ትሰበስበዋለች፣ ይወርዳል፤ ንፋስ ሲገባ በሁለት እጅዋ ትይዘዋለች። የባለቤቴን ራስ መመለጥ፣ በመድኃኒቱም ይሁን በምላጭ፣ ማንም አያውቅም፤ ጥምጥሙ አለለታ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አላስቻለውም። «ነይ እስቲ» ብሎ ሻሹን ተቀበላት። ከየት ተጀምሮ የት እንደሚጠብቅ፣ ጫፉ የት እንደሚሰወር አሳያት። ፈታችው፤ እንደገና ጠመጠመችው። ቆመ።

«ቄስ አደረጉኝ እኮ» አለች በመኪናው መስተዋት እያየች።

«ቄስ ለመሆን ገና ጾም ይቀርሻል። ለአሁኑ ጠምጥሚ።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ አዳራሹ ውስጥ ሌሎቹም ሴቶች ተሰለፉበት። የኔታ የሴት ሻሽ ጠምጣሚ ሆነው ዋሉ። እነሱ ደግሞ እሱ የማያውቀውን አስተማሩት። አፉ ሲቆስል በጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ ሲያቅለሸልሸው ሎሚ ማሽተት፣ ከመድኃኒቱ ማግሥት የሽንኩርት ቁሌት ከሚሸትበት ቤት መራቅ። ቤት ሲገባ ያን ሁሉ ለእኔ ያስተላልፋል። «እንዲህ ይላሉ ሴቶቹ» ይለኛል። በአርባ ቀኑ ክርስትና ከተነሣ ጀምሮ ወንድ ብቻ የከበበው ሰው፣ ንግግሩ ሁሉ «ሴቶቹ እንዳሉት» ሆነ።

ሳንባ ማለቱን ያቆመው ራሱ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠው ሳለ አንድ ሰው ለሳንባ የሚሆን ሥር አመጣሁልዎ ብሎ ቢሰጠው፣ «ሳንባዬ ደኅና ነው» አለ። «ጡቴን ነው የታመምሁት።» ማኅበሩ ጽዋውን እንደያዘ ዞሮ አየው። የደብሩ አዛውንት ቄስ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት። «ወንድ ጡት ለምን ተሰጠው እያልሁ ስገረም ኖሬያለሁ። ለመታመም ኖሯል!» ሳቁ። እሱም ሳቀ። ይህን ሲነግረኝ ጋቢውን እያወለቀ ነበር፤ ትከሻው ቀሎት አየሁት።

በሽታው ግን ቀድሞታል። ሐኪሙ ለብቻችን አስገብቶ ወደ ጉበቱ መግባቱን ነገረን፤ እኛ ከመምጣታችን በፊት ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ውስጥ ቆይቷል አለ። ኬሞው እንዲቆም ሆነ። በሚቀጥለው ጊዜ ማለዳ ተነሥቶ ሲለብስ ሳየው «ቀጠሮ የለህም እኮ» አልሁት።

«የአንበሳሜዋ ቀጠሮ ነው።»

«አንተ በዚህ አቅምህ?»

«ወንፈል አለብኝ» አለኝ። ሄደ። የቁሐሯ ደግፋው ገባች፤ ከልጅቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ውሎ ተመለሰ። ደጋግሞም እንዲሁ አደረገ፤ ያ ሩዝ የለቀምንበት ሳምንት እስኪመጣ ድረስ።

ቀብሩ ላይ ከባሕር ዳሩ አዳራሽ የምናውቃቸው ሴቶች መጡ። መንገዱ እንዴት እንደተገኘላቸው አላውቅም። ሻሻቸው ሁሉ እሱ እንዳሳያቸው ተጠምጥሟል። ካህናቱ አይተው ምን እንዳሰቡ አልጠየቅሁም።

ከአርባው በኋላ የቁሐሯ መጣች። ውኃው ሸሽቶ ሜዳው መድረቅ ጀምሯል፤ እግርዋ ንጹሕ ነበር። ገብታ ተቀመጠችና እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም።

«ልጅቱ አቁማለች» አለችኝ። «ሐሙሲት ላይ ጠበቅኋት፣ አልመጣችም። አንበሳሜ ድረስ ሄጄ ለመንኋት። ‹የኔታ ወስደውት ካልዳኑ እኔ ምን ላተርፍ› ትላለች። እኔን አትሰማኝም። አንቺን ትሰማሽ ይሆናል።»

«እኔ ምን እላታለሁ? የሞተው የኔው።»

«ለዚህ ነው አንቺ የምትሄጅ።»

መሄድ አልፈለግሁም። ያን መንገድ ሁለተኛ ላላየው ለራሴ ነግሬ ነበር። ግን ከሳምንቱ ተነሥቼ ሄድሁ። ልጅቱን ሱቋ ውስጥ አገኘኋት፤ ጨርቅ ዘርግታ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣለች፣ አትሰፋም። ፀጉርዋ እንደ ጫጩት ላባ በቅሏል። ስታየኝ ተነሥታ አቀፈችኝና ተላቀስን። ከዚያ ያሰበችውን ሁሉ ነገረችኝ። እኔም አልዋሸኋትም።

«መድኃኒቱ እሱን አላዳነውም» አልኋት። «እሱ ዘግይቶ ነበር። እባጭ ነው እያለ፣ ቅጠል እየለጠፈ፣ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ እየዋለ። አንቺን ግን ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ቶሎ መጥተሻል አለኝ። ከጡቴ አልወጣም አለ።»

«እንግዲህ።»

መቀሱን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «እሺ ብልስ ማን ይወስደኛል? የቁሐሯ የራስዋ ሕመም አለባት። አዳራሹን ሳስበው ደግሞ የኔታን ነው የማየው።»

«እኔም እሱኑ ነው የማየው» አልኋት። «አብረን እናየዋለን።»

በዚያው ሳምንት ወሰድኋት። ሐኪሙ ያቋረጠችውን ከቆመበት ሊቀጥልላት ቻለ። ባለፈው ጊዜ የቁሐሯም አብራን ነበረች፤ የእሷ ኬሞ አልቆ አሁን ለምርመራ ብቻ ነው የምትመላለሰው።

አሁን የልጅቱ ቀጠሮ ሲደርስ ማልጄ ከወረታ እነሣለሁ። መድኃኒቱ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ከመጽሐፍ አነብላታለሁ፤ ከዚያ ሐሙሲት ላይ አወርዳትና ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።